ሽሮና ጎመናችን ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር እንዴት በደንብ እናግኘው

ብዙ ሰው ደከመኝ፣ ፀጉሬ ተነቃቀለ፣ ጥፍሬ ተሰባበረ ሲል መጀመሪያ የሚመጣለት ፋርማሲ ገብቶ መልቲቫይታሚን መግዛት ነው። ብር ያለው ከውጭ ዱቄት ያስልካል፣ የሌለው ደግሞ ጤነኛ ምግብ የሀብታም ነው ብሎ ይተወዋል። እኔ በዚህ ነገር በጣም ነው የማዝነው፣ ምክንያቱም እዚሁ ጉሊት ላይ የሚሸጠው ጎመን፣ ምስር፣ ቃሪያ፣ ሎሚ፣ ተልባ፣ እንቁላል ሰውነታችን የሚፈልገውን አብዛኛውን ነገር ይዟል፣ የሚጎድለን ብዙ ጊዜ አዋህዶ መብላቱ፣ አበሳሰሉና ሰዓቱ ነው። እስቲ የማውቀውን በተቻለኝ መጠን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍላችሁ።

በመጀመሪያ በ2014 ዓ.ም የወጣ የሀገራችን የአመጋገብ መመሪያ አለ፣ እዛ ላይ ምግብ በስድስት ነው የተከፈለው፣ እህልና ሥራሥር አንድ፣ ጥራጥሬ ሁለት፣ ኦቾሎኒና የቅባት እህል ሶስት፣ አትክልት አራት፣ ፍራፍሬ አምስት፣ እንቁላል ወተት ሥጋ ዓሣ ስድስት። በቀን ቢያንስ ከአራቱ ምድብ እንድንበላ ነው የሚመክረው። አሁን ትናንት የበላችሁትን አስቡት፣ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ሽሮ በእንጀራ፣ ማታ ድንች በእንጀራ ከሆነ ሆድ ሞልቷል ግን ሁለት ምድብ ብቻ ነው የነካችሁት፣ ድንች እኮ ከእህሉ ጋር ነው የሚቆጠረው። እዛ ላይ ትንሽ ጎመንና አንድ ሙዝ ብትጨምሩ አራት ሞላ ማለት ነው። ስለዚህ ወጪ ከመጨመር በፊት መቁጠር ይጀመር።

አሁን ወደ አይረን፣ ማለትም ሰውነታችን ደም ወደሚሠራበት የብረት ማዕድን ልግባ፣ እዚህ ላይ ረዘም አደርገዋለሁ ምክንያቱም በተለይ ሴቶቻችንን የሚጎዳው ይሄ ነው። የወር አበባ የምታይ ሴት በቀን ወደ 18 ሚሊግራም ያስፈልጋታል፣ አዋቂ ወንድ 8፣ ነፍሰጡር ደግሞ 27። ማለትም እቤት ውስጥ ብዙ የሚያስፈልጋት ሴቷ ሆና ሳለ ሥጋው ለአባወራው የሚቀርብበት ቤት ገና ብዙ ነው፣ ይሄ መቀየር አለበት።

አይረን ሁለት አይነት ነው። ከሥጋ፣ ከጉበትና ከዓሣ የምናገኘውን ሰውነታችን በቀላሉ ይወስደዋል፣ ከጤፍ፣ ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን የምናገኘው ግን አብሮት በሚበላው ነገር ይወሰናል፣ ወይ ይረዳዋል ወይ ያግደዋል። ጤፍ አይረን አለው ሲባል ሁላችንም ደስ ይለናል፣ እውነትም አለው፣ ግን ከሚለካው ውስጥ የተወሰነው አውድማ ላይ ሲወቃ ከአፈር የሚገባ ነው፣ እሱን ሰውነት እምብዛም አይጠቀምበትም። ከዛ ሌላ እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ነገር አለ፣ አይረኑንና ዚንኩን ጠፍሮ ይይዝና አንጀታችን እንዳይቀበለው ያደርጋል። እዚህ ጋር ነው እርሾ ትልቅ ሥራ የሚሠራው፣ ሊጡ ሁለት ሶስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። አፍለኛ እንጀራ የሚወድ ብዙ ሰው አለ፣ ይጣፍጣልም፣ በዚህ በኩል ግን በደንብ የቦካውን አያክልም።

አይረኑን የሚረዳው ዋናው ነገር ቫይታሚን ሲ ነው፣ እሱ ደግሞ ብርቱካን ብቻ ላይ ያለ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ጥሬ ቃሪያ በክብደት ሲተያይ ከብርቱካን በብዙ ይበልጣል እኮ! ዘይቱን የምንለው ፍሬም እንደዛው፣ ፓፓያም ሎሚም ቲማቲምም አላቸው። ስለዚህ ሽሮ ወይ ምስር ወጥ በቀረበ ቁጥር ከጎኑ አንድ ስንግ ቃሪያ ይኑር። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ቃሪያዋን በአንድ ጎኗ ሰንጥቃችሁ ፍሬዋን አውጡ፣ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም በደቃቁ ክተፉ፣ ትንሽ ዘይት፣ ቆንጠር ጨው፣ ሎሚ ጨመቅ አድርጉና ሙሉባት፣ ያው በቃ። ቃጠሎ ለማይችል ቲማቲሙን ብቻ በሎሚ አድርጋችሁ አቅርቡ። እሳት ግን ቫይታሚን ሲን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ሎሚ ወጥ ላይ የምትጨምሩ ከሆነ ድስቱ ከወረደ በኋላ፣ ሊቀርብ ሲል ይሁን። በብረት ድስት ማብሰልም ይረዳል፣ በ1999 እ.ኤ.አ የታተመ በሀገራችን ልጆች ላይ የተሠራ ጥናት በብረት ድስት የተበሰለ የበሉት በአሉሚኒየም ከተበሰለላቸው ይልቅ የደም ማነሳቸው መሻሻሉን አሳይቷል።

ቀጥሎ የምለው አንዳንዱን ሊያስከፋ ይችላል ግን መባል አለበት፣ ቡናውን ከማዕድ አርቁት። ቡና ተዉ አላልኩም፣ ቡና ጤናማ መጠጥ ነው፣ ችግሩ እጅ እንደታጠብን ረከቦቱ መቅረቡ ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉት ነገሮች አይረኑን አንጀት ውስጥ ይይዙታል፣ ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ከዕፅዋት የሚገኘውን አይረን ከግማሽ በላይ ሊያስቀረው ይችላል፣ ቡናም በጣም ይቀንሰዋል። እና ያቺ ሁሉ ሽሮና ጎመን ተበልቶ ወዲያው ሁለት ስኒ ሲጠጣ ልፋቱ ከንቱ ነው። ምሳ 6 ሰዓት ተኩል ከበላችሁ ቡናው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይፈላ፣ ወይ ደግሞ ከምሳ አንድ ሰዓት ቀድሞ ይጠጣ፣ ቀድሞ ሲጠጣ ምንም አይል። ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ለትንንሽ ልጆች ዳቦ በሻይ እየነከራችሁ ቁርስ አታርጉላቸው፣ ስኳር ያጠግባቸዋል፣ ሻዩ አይረናቸውን ይወስዳል፣ ከዛ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። ቅንጬ፣ እንቁላል፣ ገንፎ፣ ካልሆነ የትናንት ፍርፍር እንኳን ከሱ ይሻላል።

ጎመን ላይ ደግሞ አሠራራችን ነው የሚጎዳን። ብዙ ቤት ጎመን በብዙ ውሃ ይቀቀላል፣ ከዛ ይጨመቅና ያ አረንጓዴ ውሃ ይደፋል። ከውሃው ጋር የሚደፋው ቫይታሚን ሲና ፎሌት የሚባለው የቢ ቫይታሚን ዓይነት ነው። እንዲህ አድርጉት፣ ቅጠሉን ሳትከትፉ በደንብ እጠቡት፣ ከዛ ከትፉት፣ ሽንኩርቱን በዘይት አቁላሉና ጎመኑን ጨምሩበት፣ ግማሽ ስኒ ውሃ ጠብ አርጋችሁ ክደኑት፣ እሳቱ መካከለኛ ይሁን፣ አልፎ አልፎ እያማሰላችሁ ቀለሙ ደማቅ አረንጓዴ እንደሆነ ለስለስ ሲል አውርዱት። ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ መጨረሻ ላይ ነው የሚገባው። ዘይቱም ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ በጎመን፣ በካሮትና በዱባ ውስጥ ያለው ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀየረው ነገር ቅባት ከሌለ በደንብ አይገባም። ካሮት ቀቅሎ ያለ ምንም ዘይት ለልጅ መስጠት ግማሹን መጣል ነው። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ካገኛችሁ አትለፉት፣ መካከለኛዋ አንዷ የትንሽ ልጅን የቀን ቫይታሚን ኤ ትሸፍናለች፣ ነጩ ግን ይሄ የለውም።

ሰው ቆስጣና ጎመን አንድ ነው ይላል፣ በካልሲየም በኩል አይደለም። ቆስጣ ውስጥ ኦክሳሌት የሚባል ነገር በብዛት ስላለ ካልሲየሙን ይይዘዋል፣ የሐበሻ ጎመን ግን ይሄ ችግር ስለሌለበት ካልሲየሙ በደንብ ይገባል። ወተት የማይስማማው ሰው፣ ብዙዎቻችን ትልቅ ስንሆን ሆዳችንን ይነፋናል አይደል፣ እርጎ ይሞክር፣ የረጋው በአብዛኛው ይስማማል። አይብ በጎመን ደግሞ ክትፎ ቤት ብቻ የሚበላ ነገር መሆን የለበትም፣ እቤት አይብ ከተገኘ ጎመን ላይ ጣል ማድረግ ነው። ኮንሶ አካባቢ ሽፈራው (ሞሪንጋ) የሚባለውን የዛፍ ቅጠል እንደ ጎመን በየቀኑ ይበሉታል፣ በጣም ጥሩ ቅጠል ነው፣ ግን ከተማ ላይ እንደ መድኃኒት በብልቃጥ ሲሸጥ ሁሉን ይፈውሳል የሚለውን አትስሙ፣ ጥሩ አትክልት ነው በቃ።

ጥራጥሬን በተመለከተ ፕሮቲን የሚባለው ሥጋ ውስጥ ብቻ ያለ አይምሰላችሁ። እህል የሚጎድለውን ምስርና ሽሮ ይሞሉታል፣ ምስሩ የሚጎድለውን እህሉ ይሞላዋል፣ ስለዚህ ሽሮ በእንጀራ፣ ንፍሮ ከስንዴና ከሽምብራ ተቀላቅሎ፣ ቂጣ ከባቄላ ጋር ጥሩ ፕሮቲን ነው፣ ግን ወጡ ወጥ ይሁን! ድስት ሙሉ ውሃ ላይ ሁለት ማንኪያ ሽሮ በትኖ ቀጭን ሽሮ ማፍላት ፕሮቲን አይባልም፣ ወፈር አርጉት። ባቄላና ሽምብራ ስትቀቅሉ ማታ ዘፍዝፉና ጠዋት ውሃውን ደፍታችሁ በአዲስ ውሃ ቀቅሉ፣ ፋይቴቱም ይቀንሳል ሆድም አይነፋም። ከሱ የሚሻለው ደግሞ በቆልት ነው። ባቄላውን ወይ አተሩን አዳሩን ዘፍዝፉ፣ አጥልሉት፣ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት፣ በቀን ሁለቴ ውሃ እርጭ እያደረጋችሁ አለቅልቁት፣ በሁለት ሶስት ቀን ጭራ ያወጣል። ከዛ በደንብ ቀቅላችሁ በሎሚና በቃሪያ ብሉት። ሲበቅል ፋይቴቱ ይፈርሳል፣ ቫይታሚንም ይጨምራል፣ ይሄ ዘንድሮ ፋሽን ሆኖ በውድ የሚሸጠው የበቀለ ጥራጥሬ እኮ አያቶቻችን በጾም የሚበሉት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ሽሮ ስታስፈጩ ርካሽ ነው ብላችሁ ጓያ አታብዙበት። ጓያ ለብዙ ሳምንት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ሊያሽመደምድ የሚችል መርዝ አለው፣ ጉዳቱም አይመለስም። የሻገተ ኦቾሎኒና የሻገተ በርበሬም እንደዛው፣ ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ በማብሰልም አይጠፋም፣ ስለዚህ ለቅሞ መጣል ነው እንጂ ቆልቶ መጠቀም የለም።

ጾም ላይ ብዙ ጥያቄ ይነሳል። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና አርቡ፣ ፍልሰታውና የገና ጾም ሲደመር ምዕመኑ በዓመት ወደ 180 ቀን፣ ሁሉንም አጥባቂው እስከ 250 ቀን ይጾማል። በጾም ምግብ አይረንም ፕሮቲንም ፎሌትም ይገኛል፣ ከላይ ያልኩትን ካደረጋችሁ፣ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ብቻ ነው የሚገኘው፣ እርሾውም ብቅሉም አይሰጡም። ደግነቱ ጉበታችን ለረጅም ጊዜ ያጠራቅመዋል፣ ስለዚህ ጤነኛ ሰው በፍስክ ቀን እንቁላል፣ ወተት፣ ሥጋ፣ ዓሣ በልቶ ካጠራቀመ ጾሙ ብቻውን አይጎዳውም። የሚያሳስበኝ በፍስኩም ገንዘብ ስለሌለ ያው ሽሮ የሚበላው ነው፣ ለሱ በሳምንት ሶስት አራት እንቁላል ትልቅ ነገር ነው፣ ሥጋ ከመጠበቅ እንቁላሉ ይቀላል። ጉበትም ትንሿ ብዙ አይረን፣ ቢ12ና ቫይታሚን ኤ አላት፣ ግን በደንብ ትብሰል፣ ጥሬ ነገር ኮሶ ያመጣል፣ ነፍሰጡር ደግሞ ቫይታሚን ኤው ስለሚበዛባት ጉበት ባታዘወትር ነው የሚመከረው። ነፍሰጡርና የምታጠባ እናት፣ ሕፃናትና ታማሚ ከጾም ጋር በተያያዘ ከንስሐ አባት ጋር ይነጋገሩ፣ ቤተክርስቲያን ራሷ ለነሱ የምታቀልበት ሥርዓት አላት፣ ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ ልጅ አትጉዱ።

ፎሌት ካነሳሁ ላይቀር፣ ልታረግዝ ያሰበች ሴት ከማርገዟ በፊት ጀምራ ፎሊክ አሲድ፣ ማለትም በክኒን የሚወሰደውን ፎሌት፣ በቀን 400 ማይክሮግራም መውሰድ አለባት፣ ምክንያቱም የልጁ የጀርባ አጥንትና ጭንቅላት የሚዘጋው በመጀመሪያው ወር፣ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን እንኳን ሳናውቅ ነው። ምስርና ጎመን ፎሌት አላቸው፣ ይበሉ፣ እዚህ ላይ ግን ምግብ ብቻውን አይበቃም።

ተልባ ኦሜጋ 3 የሚባል ጥሩ የቅባት ዓይነት አለው። ሳይፈጭ ከተበላ እንዳለ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ለብ ለብ አርጋችሁ ቆሉና ፍጩት፣ ብዙ አትፍጩ፣ የሳምንቱን ብቻ፣ በተከደነ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ ምክንያቱም ቶሎ ይበላሻል። ሰሊጥ፣ ሱፍና ኑግም ጥሩ ቅባት ናቸው፣ ፍትፍታቸው ለጾም ቁርስ ልክ ነው። የሚረጋውን የፓልም ዘይት ደግሞ ቀንሱ፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ፈሳሹ የሱፍ ወይ የኑግ ዘይት ሲገኝ እሱ ይሻላል።

ጨው ላይ አጭር ነገር፣ አዮዲን ያለበት መሆኑን ፓኬቱ ላይ አንብቡ። በ2011 እ.ኤ.አ በወጣው ደንብ መሠረት ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን ሊኖረው ይገባል፣ ምክንያቱም ደጋው ላይ አፈሩ ስለሌለው እንቅርት የበዛውና የልጆች አእምሮ እድገት የሚጎዳው በዚህ ነው። አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በሙቀት ይጠፋል። ስለዚህ ጨው ክፍት ሳህን ላይ ምድጃ አጠገብ አይቀመጥ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ነው የሚጨመረው። መጠኑ በቀን ለአንድ ሰው በድምሩ ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች፣ በርበሬና ሽሮ ውስጥ የተጨመረውንም ቆጥራችሁ።

ቫይታሚን ዲ ከምግብ ብዙ አይገኝም፣ የእንቁላል አስኳልና ቅባታም ዓሣ ላይ ትንሽ አለ፣ ዋናው ፀሐይ ነው። መስታወት ውስጥ ሆኖ መሞቅ አይሠራም፣ ቆዳውን ፀሐይዋ በቀጥታ መንካት አለባት፣ ክንድና እግር ገለጥ አርጎ 20 ደቂቃ አካባቢ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን። ሕፃናትን ሸፍኖ ጨለማ ክፍል ማቆየት ነው እግራቸውን የሚያጎብጠው፣ አውጧቸው። አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ ያላችሁ ክረምት ላይ ፀሐይዋ አቅም ስለሌላት፣ ጥቁር ቆዳ ደግሞ ረዘም ያለ ፀሐይ ስለሚፈልግ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ቫይታሚን ዲ ውሰዱ፣ አረብ ሀገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶቼም ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ስለሆናችሁ ልብስ ስታሰጡ እንኳን ትንሽ ቆም በሉ። ውጭ ሀገር እንጀራ ከስንዴና ከሩዝ ዱቄት ጋር ተቀላቅሎ ሲጋገር አይረኑና ካልሲየሙ እንደ ሙሉ ጤፉ አይሆንም፣ ይሄንንም አስቡበት።

ልጅ ስድስት ወር ሲሞላው ጡት ሳይቆም ምግብ ይጀምራል። ትልቁ ችግር አጥሚቱ መቅጠኑ ነው፣ የልጅ ሆድ ትንሽ ናት፣ ውሃ ከሞላችሁበት ምግብ አይገባባትም። ማንኪያ ላይ ሲይዙት የማይፈስ ገንፎ ይሁን፣ እዛ ላይ አንድ ቀን የተፈጨ ኦቾሎኒ፣ አንድ ቀን እንቁላል አስኳል፣ አንድ ቀን የተፈጨ ምስርና ካሮት፣ ሁልጊዜ ጠብታ ቅቤ ወይ ዘይት። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት በየስድስት ወሩ ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ጠብታም አታስመልጧቸው።

አንድ ቀን እንዴት ይሁን ለምትሉኝ፣ ጠዋት ቅንጬ ከአንድ እንቁላል ጋር፣ በጾም ቀን ከሆነ በተልባ ወይ በኦቾሎኒ ቅቤ። አራት ሰዓት ላይ ቡናው። ምሳ ወፈር ያለ ሽሮ፣ ጎመን፣ ስንግ ቃሪያ፣ በውሃ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፓፓያ ወይ ዘይቱን ወይ ሙዝ፣ የወቅቱ የረከሰው ፍሬ የትኛውም። ማታ ምስር ወጥ ከካሮትና ከጥቅል ጎመን ጋር፣ በፍስክ እርጎ ከጎኑ። ይሄ በጾምም በፍስክም ከስድስቱ አምስቱን ምድብ ነክቷል፣ ሥጋ እንኳን የለበትም።

ይሄን ሁሉ እያደረጋችሁ ደረጃ ስትወጡ የሚያልባችሁና ልባችሁ የሚመታ ከሆነ፣ የዓይናችሁ ቆብ ውስጡ ከነጣ፣ አፈር ወይ በረዶ ብሉ ብሉ ካላችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን ተመርመሩ፣ የአንጀት ትልም ካለ ደም ስለሚመጥ አብሮ ይታይ። አይረን ክኒን ከታዘዘላችሁ በሎሚ ውሃ ወይ በብርቱካን ውጡት፣ ከሻይ፣ ከቡናና ከወተት ሁለት ሰዓት አርቁት፣ ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጡ የክኒኑ ነው፣ ሆድ ካስቸገራችሁ ከትንሽ ምግብ ጋር ውሰዱት እንጂ አታቋርጡ። ክኒኑን ደግሞ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉበት፣ ለትንሽ ልጅ ጥቂት ፍሬም አደገኛ ነው።